ከቱቦው ላይ አንወርድም

[ጠዋት። የሰፈር ሜዳ። በሜዳው ጠርዝ፣ ለፍሳሽ ሥራ መጥተው ሥራው ሳይጀመር የቀሩ ትላልቅ የሲሚንቶ ቱቦዎች ተከምረዋል። ከክምሩ አናት ላይ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ጡረታ የወጣ መሬት ቀያሽ ነው፤ ኮት ለብሷል፣ ዱላ ይዟል፣ ጫማ ያለው በአንድ እግሩ ብቻ ነው። ሁለተኛው የሟች እህቱ ባል፣ ልብስ ሰፊ ነው፤ የእንጨት ሜትር ታቅፏል። ከታች የውሻ ጩኸት።]

ቀያሹ፦ እኔ አልሸሸሁም።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ ሸሹ አላልኩም፣ ጋሼ። ቀድመውኝ ወጡ ነው ያልኩት።

ቀያሹ፦ ቀድሞ መውጣትና መሸሽ አንድ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ እንደ ፍጥነቱ ነው።

ቀያሹ፦ ስማ። ሠላሳ ስምንት ዓመት መሬት ቀይሻለሁ። ቀያሽ የማያውቀው ቦታ ሲደርስ መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ከፍ ያለ ቦታ ይይዛል። እኔም ከፍ ያለ ቦታ ያዝኩ።

ልብስ ሰፊው፦ ጫማዎ ግን ታች ነው ያለው።

ቀያሹ፦ ለምልክት ነው የተውኩት።

ልብስ ሰፊው፦ የምን ምልክት?

ቀያሹ፦ የተነሳሁበት ነጥብ እንዳይጠፋ።

ልብስ ሰፊው፦ [ወደ ታች አይቶ] አይጠፋም። ተቀምጣበታለች።

ቀያሹ፦ ተቀምጦበታል በል። ወንድ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ሴት ናት፣ ጋሼ።

ቀያሹ፦ ሴት ውሻ ወሰን አትጠብቅም። ወሰን የሚጠብቅ ወንድ ነው። የታወቀ ነገር ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ጡቷ ተንጠልጥሏል።

ቀያሹ፦ እሱ ጡት አይደለም፤ ስብ ነው። የየደጁን አጥንት እየለቀመ ደልቶት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ስብ በሁለት ረድፍ ይወርዳል እንዴ?

ቀያሹ፦ በውሻ ላይ ይወርዳል። አንተ የምትሰፋው የሰው ልብስ ነው፤ የውሻን ሰውነት ከየት ታውቀዋለህ?

ልብስ ሰፊው፦ እሱስ እውነትዎን ነው። ለውሻ ሰፍቼ አላውቅም። [የእጅ ሰዓቱን ያያል።]

ቀያሹ፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ልብስ ሰፊው፦ ሁለት ከአሥር።

ቀያሹ፦ ይደረሳል። ጤና ጣቢያው ከዚህ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ ላቦራቶሪው ደም የሚቀበለው እስከ ሦስት ሰዓት ነው። አይዞህ። ቁርስ አልበላህም አይደል?

ልብስ ሰፊው፦ ውሃ ብቻ።

ቀያሹ፦ ደግ አደረግህ። ሁለት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ከአልጋ እየጎተትኩ ሜዳውን ያዞርኩህ ለዛሬ ነው። ስኳርህ ወርዶ ከተገኘ ተገላገልክ። ካልወረደ ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል።

ልብስ ሰፊው፦ መርፌ።

ቀያሹ፦ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ዕድሜ ልክ። ስለዚህ ዛሬ መቅረት የሚባል ነገር የለም።

ልብስ ሰፊው፦ የለም። [ሰዓቱን ያያል።]

ቀያሹ፦ በየደቂቃው ሰዓትህን አትይ። ያስጨንቅሃል።

ልብስ ሰፊው፦ እሺ፣ ጋሼ። [ያያል።]

ቀያሹ፦ እስቲ ይልቅ ደንቡን ድገምልኝ። ውሻ ሲመጣብህ ምን ታደርጋለህ?

ልብስ ሰፊው፦ አልሮጥም።

ቀያሹ፦ አንድ።

ልብስ ሰፊው፦ እርስዎ ግን ሮጡ።

ቀያሹ፦ ደንቡ ለተማሪ ነው። ቀጥል።

ልብስ ሰፊው፦ ዐይን ዐይኑን አላይም። ጀርባዬን አልሰጥም። ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ እላለሁ።

ቀያሹ፦ እሱ ነው ዋናው። ጎንበስ ያለ ሰው የማይፈራ ውሻ የለም። ሰኞ ዕለት ሞክረው ብዬህ ነበር። ሞከርከው?

ልብስ ሰፊው፦ ሞከርኩት።

ቀያሹ፦ እና?

ልብስ ሰፊው፦ ጎንበስ ስል መነጽሬ ወደቀ። እሱን በዳበሳ ስፈልግ አጠገቤ መጣች።

ቀያሹ፦ ነከሰህ?

ልብስ ሰፊው፦ ኧረ። አብራኝ ፈለገች።

ቀያሹ፦ ውሻ መነጽር አይፈልግም።

ልብስ ሰፊው፦ እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ግን አገኘነው።

ቀያሹ፦ ዱላ ይዘህ ና ብዬህስ ምንድን ነው ይዘህ የመጣኸው?

ልብስ ሰፊው፦ ይኸው።

ቀያሹ፦ ይኼ የሱቅህ ሜትር ነው።

ልብስ ሰፊው፦ እንጨት ነው።

ቀያሹ፦ እንጨት መሆኑንማ አያለሁ። ታዲያ ሲመጣብን ለምን አልሰነዘርክበትም?

ልብስ ሰፊው፦ ቁጥሩ ይለቃላ። አርባውና ሃምሳው አሁን እንኳ ደብዝዘዋል። እኔ እዚህ ውሻ ብመታበት እዚያ የሰው ሱሪ ነው የሚያጥረው።

ቀያሹ፦ ዱላ ሲያዝ እንዲህ ነው። እየኝ። [የተቀመጡበትን ቱቦ በዱላው ሦስት ጊዜ ይመታል። ከታች ጩኸቱ ይብሳል፤ ጥፍር ሲሚንቶ ሲቧጥጥ ይሰማል።] አየህ? ፈራ።

ልብስ ሰፊው፦ የፈራ እንዲህ ይጠጋል?

ቀያሹ፦ ፍርሃቱን ሊደብቅ ነው። ሰው አታውቅም እንዴ? ብዙ የሚጮህ የፈራው ነው።

ልብስ ሰፊው፦ [ቀያሹን ለአፍታ አይቶ] አውቃለሁ። ቱቦውን ባይመቱት ግን ደስ ይለኛል።

ቀያሹ፦ እንዴት አልመታውም? አንድ ዙር በጨረስን ቁጥር ሦስት ጊዜ ነው የምመታው። ካልመታሁ ስንት ዙር እንደሄድን በምን አውቃለሁ?

ልብስ ሰፊው፦ በጣት አይቆጠርም?

ቀያሹ፦ ጣት ይረሳል። መሬት የሚለካው ችካል እየተመታ ነው። ያልተመታ ነጥብ ነጥብ አይደለም።

ልብስ ሰፊው፦ ማክሰኞም ባይመቱት ብዬዎት ነበር።

ቀያሹ፦ ማክሰኞም ይህንኑ ነው የመለስኩልህ።

[ከቱቦው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ይሰማል።]

ልብስ ሰፊው፦ ሰሙት?

ቀያሹ፦ ሲሚንቶው ነው። ቀዝቅዞ ያደረ ሲሚንቶ ፀሐይ ሲነካው ድምፅ ያወጣል።

ልብስ ሰፊው፦ እንደ ሕፃን ልጅ?

ቀያሹ፦ እንደ ጥራቱ ነው። ይኼ አሸዋ የበዛበት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ አሃ።

ቀያሹ፦ አሁን ቁም ነገሩን ልንገርህ። ይኼ ውሻ ዝም ብሎ አይደለም የሚያባርረው። ወሰን አለው። ለክቼዋለሁ። [ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ይዘረጋል።] በሰሜን እስከ ግቡ ብረት አርባ ሁለት እርምጃ። በምሥራቅ እስከ መብራት እንጨቱ አርባ አንድ። በደቡብ አርባ ሁለት። ከዚያ ወዲያ አንዲት እርምጃ አያልፍም፤ ይመለሳል።

ልብስ ሰፊው፦ ከየት ተነስተው ነው የለኩት?

ቀያሹ፦ ከዚህ፣ ከቱቦው ነዋ። መነሻ ነጥቤ እሱ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ [ወረቀቱን አጋድሞ እያየ] እንደ ኮፍያ ነው። ክብ።

ቀያሹ፦ ክብ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ክብ መሐል አለው፣ ጋሼ። መሐሉ ቱቦው ነው። እኛ ደግሞ ቱቦው ላይ ነን።

ቀያሹ፦ እና?

ልብስ ሰፊው፦ የግዛቷ መሐል ላይ ነና።

ቀያሹ፦ ጥሩ አይደል ታዲያ? ከወሰኑ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ርቀናል።

[ልብስ ሰፊው በሩቅ ላለ ሰው እጁን ያነሳል።]

ቀያሹ፦ ማን ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ዳቦ አዳዩ፣ በብስክሌት። [ጮክ ብሎ] እግዜር ይመስገን፤ አንተስ? ... እሺ። ... ስፖርት ነው። ... አሜን፣ ሰላም ዋል።

ቀያሹ፦ ሄደ?

ልብስ ሰፊው፦ ሄደ።

ቀያሹ፦ ለምን ና ውሻውን አባርርልን አላልከውም?

ልብስ ሰፊው፦ እሱ የጠየቀኝ ጤንነቴን ነው።

ቀያሹ፦ «ስፖርት ነው» ያልከውስ?

ልብስ ሰፊው፦ «እዚያ ላይ ምን ትሠራላችሁ» ሲለኝ ነው። ለስፖርት አይደል ከቤት የወጣነው?

ቀያሹ፦ ከቤት ለስፖርት ነው። እዚህ ላይ ግን ውሻ አባርሮን ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ያን ሁሉ ዘርዝሬ እስክነግረው ዳቦው ይቀዘቅዝበታል።

ቀያሹ፦ አንተን ይዞ መንገድ የሚወጣ ሰው አያልፍለትም። ስንት ሰዓት ሆነ?

ልብስ ሰፊው፦ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ ትንሽ አለፈው።

ቀያሹ፦ እንግዲያው በዘዴ እንውረድ። እኔ በጀርባ በኩል እንሸራተታለሁ፤ አንተ በፊት በኩል ታዘናጋዋለህ።

ልብስ ሰፊው፦ በምን?

ቀያሹ፦ በወሬ።

ልብስ ሰፊው፦ ስለ ምን?

ቀያሹ፦ የፈለግከውን። ውሻ ቃሉን አይሰማም፤ ድምፁን ነው የሚሰማው።

ልብስ ሰፊው፦ [ወደ ታች፣ ረጋ ብሎ] እንዴት አደርሽ። ... እኛ ደህና ነን። ... እሳቸው በጀርባ በኩል ሊወርዱ ነው።

ቀያሹ፦ [ከመንሸራተቱ ቆሞ] ምን አልከው?

ልብስ ሰፊው፦ ቃሉን አትሰማም አሉ እኮ።

[ጩኸቱ ወደ ጀርባ በኩል ይዞራል። ቀያሹ እግሩን ሰብስቦ ተመልሶ ይቀመጣል።]

ቀያሹ፦ አጋጣሚ ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ይሆናል።

ቀያሹ፦ የቀረን አንድ ነገር ነው። ኮቴን አውልቄ ወደ ሜዳው እወረውራለሁ። እሱ ጨርቁን ሲዘነጥል እኛ ወርደን እንሄዳለን። [የኮቱን ቁልፍ መፍታት ይጀምራል።]

ልብስ ሰፊው፦ ኮቱንማ አይወርውሩት።

ቀያሹ፦ ኮት ነው። ሌላ ትሰፋልኛለህ።

ልብስ ሰፊው፦ ያንን አልሰፋም።

ቀያሹ፦ ጨርቁ ከገበያ ጠፋ?

ልብስ ሰፊው፦ ጨርቁ ሞልቷል። በአንድ ቀን ነው የሰፋሁት። ሰው ሁሉ ሳሎን ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። እርስዎ ከመንገድ የመጡት ክርኑ በተቀደደ ሹራብ ነበር። ለቀብሯ በዚያ እንዳይቆሙ ብዬ ነው።

[ቀያሹ የፈታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ መልሶ ይቆልፋል።]

ቀያሹ፦ ግራ እጅጌው ትንሽ ይረዝማል።

ልብስ ሰፊው፦ አውቃለሁ። ያን ቀን ዐይኔ በደንብ አያይም ነበር።

[ጊዜ ያልፋል። ልብስ ሰፊው ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ያያል፤ ሦስተኛ ሲያይ ይተነፍሳል።]

ቀያሹ፦ ስንት ሆነ?

ልብስ ሰፊው፦ ሦስት ከአምስት።

ቀያሹ፦ አለፈ በለኛ።

ልብስ ሰፊው፦ አለፈ። [ሜትሩን ብብቱ ሥር ያደርጋል።] እንውረድ፣ ጋሼ።

ቀያሹ፦ ወዴት? ውሻው እዚሁ አለ እኮ።

ልብስ ሰፊው፦ ስንወርድ ትተወናለች።

ቀያሹ፦ በምን አወቅህ?

ልብስ ሰፊው፦ ልጆቿ ቱቦው ውስጥ ናቸው። የተቀመጥነው በላያቸው ነው። አራት ናቸው፤ አንዱ ነጭ ነው።

ቀያሹ፦ የትኛው ቱቦ ውስጥ?

ልብስ ሰፊው፦ እርስዎ የሚመቱት።

[ቀያሹ ዱላውን ያየዋል። ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ ያጋድመዋል።]

ቀያሹ፦ መቼ ነው ያወቅኸው?

ልብስ ሰፊው፦ ሰኞ፣ መነጽሬን ስፈልግ።

ቀያሹ፦ ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ የሚጮኸው ምን እያለ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ «ውረዱልኝ» እያለች ነዋ። እኛ ደግሞ ዝም ካላለች አንወርድም አልን።

[ልብስ ሰፊው ተንሸራቶ ይወርዳል። ውሻዋ በአጠገቡ አልፋ ቱቦው ውስጥ ትገባለች። ቀጭኑ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ይቆማል።]

ቀያሹ፦ [ከላይ] ይህን ሁሉ ሰዓት እያወቅህ ነው ዝም ያልከው?

ልብስ ሰፊው፦ ሦስት ሰዓት አልሆነም ነበራ።

ቀያሹ፦ ሰዓትህን በየደቂቃው የምታየው ...

ልብስ ሰፊው፦ ቆሞ እንዳይሆን ብዬ ነው። በጣም ቀስ አለብኝ።

ቀያሹ፦ እኔ እኮ አይዞህ እያልኩህ ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ ረድቶኛል።

ቀያሹ፦ ልብስ ሰፊ ሆነህ መርፌ ትፈራለህ?

ልብስ ሰፊው፦ የራሴን መርፌ አልፈራም። አርባ ዓመት ሲወጋኝ ኖሯል፤ ተላምደናል። ያኛውን ነው። እህትዎን ጠዋትና ማታ ክንዷን የምይዝላት እኔ ነበርኩ። እሷ ወደ ግድግዳው ታያለች፣ እኔ ወደ መርፌው። ስኳሩ አልወረደም ቢሉኝ ያንን ዕቃ መልሼ እዚያው ቤት ላስገባው ነው። ካልተለካ ግን አልወረደም የሚለኝ የለም።

[ቀያሹ ጫማ በሌለው እግሩ ሌላውን እግሩን ያክካል።]

ቀያሹ፦ እስከ ሦስት ሰዓት ነው ብሎ የነገረህ ማን ነው?

ልብስ ሰፊው፦ እርስዎ ነዎታ።

ቀያሹ፦ ጤና ጣቢያውን ጠይቀሃል?

ልብስ ሰፊው፦ እርስዎ እያሉ ምን ብዬ?

ቀያሹ፦ እነሱ የሚቀበሉት እስከ አምስት ሰዓት ነው።

ልብስ ሰፊው፦ ሦስት አሉኝ እኮ።

ቀያሹ፦ ለአንተ ሦስት ነው። እህቴ ናት ያስተማረችኝ። ገና ስትተጫጩ ነው፤ «ይህን ሰው ለአምስት ከፈለግከው ለሦስት ቅጠረው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ትክክለኛውን ሰዓት ነግሬህ አላውቅም።

ልብስ ሰፊው፦ እሷስ?

ቀያሹ፦ እሷማ ጭራሽ።

ልብስ ሰፊው፦ [ያሰላል።] የሠርጋችን ዕለት ለአራት ሰዓት ነበር የተባልኩት።

ቀያሹ፦ ሠርጉ ስድስት ሰዓት ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ እኔ እኮ አምስት ተኩል ደርሼ ይቅርታ ጠየቅኳት። በሰው ፊት።

ቀያሹ፦ ምን አለችህ?

ልብስ ሰፊው፦ «ለዛሬ ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ውለታ ስመልስ ኖርኩ።

ቀያሹ፦ እሷ ይህንን ታውቅ ነበር። አንዳንዴ ትስቅብህ ነበር።

ልብስ ሰፊው፦ ከሳቀች ይሁን።

ቀያሹ፦ በል እንግዲህ። ልወርድ ነው፤ እንሄዳለን። ክንድህን እኔ እይዝልሃለሁ። አንተ ወደ ግድግዳው ታያለህ።

ልብስ ሰፊው፦ ዱላውን ወደዚያ ይጣሉት መጀመሪያ።

[ቀያሹ ዱላውን ወደ ሜዳው ይወረውራል፤ በቂጡ እየተንሸራተተ ይወርዳል። ውሻዋ ከቱቦው አንገቷን ብቅ አድርጋ ታየዋለች፤ መልሳ ታስገባለች። ቀያሹ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያጠልቃል፤ ክሩን ያስራል። ቀና ሲል ልብስ ሰፊው የለም። ቱቦው አናት ላይ ነው፤ ሜትሩን ታቅፏል። ውሻዋ ወጥታ መጮህ ትጀምራለች።]

ቀያሹ፦ ምን ማድረግህ ነው?

ልብስ ሰፊው፦ ውሻዋን ፈራሁ።

[ቀያሹ ወደ ላይ ያየዋል። ከዚያ ከውሻዋ ጎን፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ድንጋይ ፈልጎ ይቀመጣል፤ የኮቱን ግራ እጅጌ አንድ ጊዜ ያጥፋል።]

ቀያሹ፦ ችግር የለም፤ ገና ሰዓት አለን። [ለውሻዋ] አንቺ ቀጥዪ። [ትጮሃለች።] ሰማህ? አሁን ሁለት ሆነን ነው ውረድ የምንልህ።